ሊንክ የለውም፦ ከገጠር ወረዳ የእርሻና የአፈር ጥበቃ ድጋፍ እንዴት ይገኛል?

ኢንቦክሳችን ውስጥ አንድ ጥያቄ መልኩን እየቀየረ ይመላለሳል። አንዱ «አባቴ ግማሽ ሄክታር አለው፣ ጎርፍ እየበላው ነው፣ መንግሥት የሚረዳበት መንገድ የለም ወይ?» ይላል። ሌላዋ «ከአዲስ አበባ ተመልሼ ገጠር ገብቻለሁ፣ ንብ ማነብ እፈልጋለሁ፣ ብድሩ የት ነው?» ትላለች። ሦስተኛው አጭር ነው፦ «ለገበሬ የሚሰጥ ብር አለ ሲባል ሰማሁ፣ ሊንኩን ላኩልኝ።»

ሊንክ የለውም። እሱን መጀመሪያ እንገላገል። በገጠር ወረዳ ለእርሻና ለአፈር ጥበቃ የሚመጣው ድጋፍ አብዛኛው ስልክ ላይ ፎርም ተሞልቶ የሚገኝ አይደለም። ቴሌግራም ላይ «የግብርና ድጋፍ ምዝገባ፣ ለፎርም ብቻ 200 ብር» የሚል ነገር ካያችሁ እለፉት፣ ለቤተሰብም ንገሩ። ድጋፉ የሚያልፈው በሰው፣ በስብሰባና በወረቀት ነው። ማን ጋ እንደሚኬድ፣ በየትኛው ወር እንደሚኬድና ምን ተይዞ እንደሚኬድ ያላወቀ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲመላለስ ይኖራል።

ይህን የምናውቀው ከራሳችን ቤት ነው። ከመካከላችን የአንዳችን ቤተሰብ ማሳ ዳር ቦረቦር አለ። ልጅ ሆነን በአንድ እርምጃ የምንሻገረው ነበር። አሁን ጥጃ ገብቶበት በገመድ ነው የሚወጣው። አባት ሦስት ዓመት ወረዳ ተመላለሱ። መጀመሪያ «ማመልከቻ ይጻፉ» ተባሉ፣ ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻው ጠፋ። በሦስተኛው «ለእንዲህ ያለ ሥራ በጀት የለም» ተባሉ። በኋላ ነገሩ የተፈታው ወረዳው ላይ ሳይሆን ቀበሌ ላይ ነው፣ አንዲት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ «አባባ፣ ቦረቦሩ እኮ የእርስዎ ብቻ አይደለም፣ ከላይ ከተራራው ነው የሚጀምረው፤ ለአንድ ሰው ብለው አይሠሩልዎትም፣ በተፋሰሱ ዕቅድ ውስጥ ይግባ» ስትላቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የነገራቸው ሰው አልነበረም።

እና ከቀበሌ እንጀምር።

አወቃቀሩ ከላይ ወደ ታች ግብርና ሚኒስቴር፣ የክልል ቢሮ፣ ዞን፣ የወረዳ ግብርና ጽ/ቤት፣ ቀበሌ ነው። እናንተን የሚመለከታችሁ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ቀበሌ ላይ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አሉ፣ ብዙ ሰው «ዲኤ» ነው የሚላቸው። በአሠራሩ ለአንድ ቀበሌ ሦስት ናቸው፦ አንዱ የሰብል፣ አንዱ የእንስሳት፣ አንዱ የተፈጥሮ ሀብት። ባዶ ቦታ ስላለ አንዱ የሁሉንም ሥራ ደርቦ የሚሠራበት ቀበሌም አለ። ቦታቸው የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉ ነው። ለቦረቦር፣ ለእርከንና ለችግኝ የተፈጥሮ ሀብቱን፣ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር የሰብሉን፣ ለዶሮ፣ ለከብትና ለንብ የእንስሳቱን ፈልጉ። ብዙዎቹ ከግብርና ኮሌጅ የወጡ፣ በእናንተ ዕድሜ ያሉ፣ ከቤተሰባቸው ርቀው ቀበሌው ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወጣቶች ናቸው። ጥያቄ ሲኖራችሁ ብቻ አትሂዱ። ሰላም ለማለትም ግቡ፣ ሰው ናቸው።

ከግብርና ጽ/ቤቱ ውጭ ሌሎች በሮችም አሉ። መሬትን የሚመለከተው የወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽ/ቤት ነው፣ ስሙ ከክልል ክልል ይለያያል። ማዳበሪያ የሚመጣው በመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማህበሩ በኩል ነው። የወጣት ብድር የሥራና ክህሎት ጽ/ቤቱ ነው። ሰው የሚደክመው የአንዱን ጥያቄ ይዞ ሌላው በር ላይ ቆሞ ነው።

መጀመሪያ ደብተሩ

የትኛውንም ድጋፍ ከመጠየቃችሁ በፊት የቤተሰቡ የመሬት ይዞታ ደብተር የት እንዳለ እወቁ። ሳጥን ውስጥ ነው? አጎት ቤት ነው? ለዋስትና ተሰጥቷል? በማን ስም ነው? ብዙ ልጆች ይህን የሚያውቁት ወላጅ ሲሞት ነው፣ ያኔ ደግሞ ክርክር ነው።

በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ነው። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፣ ደብተሩም የሚያረጋግጠው ያንን መብት ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ደብተር መስጠት በትግራይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተጀምሮ ወደ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ተስፋፋ። እሱ ላይ ማሳው የሚገለጸው በአዋሳኝ ነው፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ግን ማሳው ተለክቶ ካርታ ይወጣለታል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ብድር ስትጠይቁና ድንበር ስትከራከሩ ግን ይታያችኋል። ወረዳችሁ የሁለተኛ ደረጃ ልኬታ ጨርሶ እንደሆነና የእናንተ ማሳ በትክክል መመዝገቡን ጠይቁ። ልኬታው ካለቀ በኋላ ውጤቱ ለሕዝብ የሚለጠፍበትና ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ አለ። ያ ጊዜ ሳይነገር ሲያልፍ ነው ሰው የሚጎዳው።

እህቶች፣ እናቶች፦ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር ላይ የሁለቱም ስም መኖር አለበት። የእናታችሁ ስም ከሌለ አሁኑኑ ጠይቁ፣ ነገ ለማስተካከል ይከብዳል።

«መሬቱ የአባቴ ነው፣ እኔ ግን ነኝ የማርሰው» የምትሉ ብዙ ናችሁ። በእናንተ ስም ምንም ወረቀት ከሌለ ለአበዳሪም ለጽ/ቤትም አትታዩም። የሚሠራው መንገድ ከአባት ጋር የጽሑፍ ውል አድርጎ (ኪራይ ወይም ስጦታ) መሬት አስተዳደር ማስመዝገብ ነው። ከወላጅ ጋር ውል መጻፍ ነውር የሚመስላቸው አሉ፣ እንረዳለን። ግን ሽማግሌዎችን አስቀምጦ በሰላም ጊዜ የተጻፈ ውል ወንድማማች ከመጣላት ያድናል።

በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 የድሮውን የ1997 አዋጅ ቁጥር 456 ተክቷል። አዲሱ የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ይፈቅዳል። ይህ ማለት መሬቱ ይሸጣል ማለት አይደለም። ካልከፈላችሁ ለተወሰነ ዓመት የመጠቀሙ መብት ነው ወደ አበዳሪው የሚያልፈው። እሱም ቀላል ነገር አይደለም፤ ቤተሰቡ ሙሉ በሙሉ የሚበላው ከዚያ ማሳ ከሆነ ሁለቴ አስቡበት።

ሴፍቲኔት፦ ለማን ነው?

የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ነው የተጀመረው። በሁሉም ወረዳ የለም፣ የምግብ እጥረት በሚደጋገምባቸው ወረዳዎች ነው። ከመነሻው የታወቀው መመዘኛ በየዓመቱ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚበላ የሚያጥረው ቤተሰብ መሆን ነው፣ የዘንድሮ ብቻ ሳይሆን የተደጋገመ እጥረት። ጉልበት ያለው ሰው በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፣ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ታስቦ ለስድስት ወር ይከፈላል፣ በገንዘብ ወይም በእህል። ጉልበት የሌላቸው፣ ማለትም አቅመ ደካማ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና የቆየ ሕመም ያለባቸው፣ ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ድንጋይ መሸከም የለባትም። ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ ተመርምራ ወረቀት ስታመጣ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች። ይህን የማያውቁ እናቶች ስድስተኛ ወራቸው ላይ ሆነው አካፋ ይዘው አይተናል።

ልየታውን የሚያደርገው ከማኅበረሰቡ የተመረጠ ግብረ ኃይል ነው። ስም ዝርዝሩ በስብሰባ መነበብና መለጠፍ አለበት። ስማችሁ የሌለ ከመሰላችሁ ቀበሌ ላይ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፣ እሱ ጋ እንጂ መጠጥ ቤት አታመልክቱ። ዝርዝሩን ፎቶ አንሱ። ስልካችሁ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። የሴፍቲኔት ሥራ አብዛኛው የአፈርና ውሃ ጥበቃ ነው፦ እርከን፣ ክትር፣ ጉድጓድ፣ ችግኝ ጣቢያ፣ መንገድ። ስለዚህ ወረዳችሁ ሴፍቲኔት ካለው፣ የቦረቦራችሁ ሠራተኛም በጀትም እዚያ ውስጥ ነው። እናንተ ራሳችሁ ተጠቃሚ ባትሆኑም እንኳ ሥራው የት ይሠራ የሚለው ውይይት ላይ መገኘት ትችላላችሁ።

ቦረቦሩ

ወደ አባታችን ቦረቦር እንመለስ፣ ምክንያቱም ድጋፉ እንዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው እሱ ነው።

ለአፈር ጥበቃ የሚመጣ ገንዘብ ለግለሰብ አይሰጥም። ለተፋሰስ ነው የሚመደበው። ግብርና ሚኒስቴር በ1997 ባወጣው የማኅበረሰብ ተፋሰስ ልማት መመሪያ መሠረት አንድ የማኅበረሰብ ተፋሰስ ከ200 እስከ 500 ሄክታር ገደማ ነው፣ ውሃው ወደ አንድ መውጫ የሚፈስበት መሬት በሙሉ። ነዋሪው ኮሚቴ ይመርጣል፣ ከዲኤዎቹ ጋር እየዞረ የተጎዳውን ቦታ ይመዘግባል፣ ካርታ ይሳላል፣ ዕቅድ ይወጣል። ዕቅዱ ወደ ወረዳ ይሄዳል። ወረዳው ያንን ይዞ ነው ከየትኛው ኪስ እንደሚሠራ የሚወስነው፦ ከሴፍቲኔት፣ ከ2000 ወዲህ በዓለም ባንክና በሌሎች አጋሮች ድጋፍ ከመጣው የዘላቂ መሬት አያያዝ ፕሮግራምና እሱን ከተኩት፣ ወይም በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ከሚወጣው የሕዝብ ነፃ ጉልበት። ካልም የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ የሚከፍለው ውጤት ተረጋግጦ ነው፤ ስለዚህ ወረዳው ራሱ ዕቅድ ያለው ተፋሰስ ይፈልጋል። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፣ ልመና ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

ዕቅዱ ላይ የሌለ ቦረቦር የለም ማለት ነው። የአባታችን ችግር እሱ ነበር። ማመልከቻቸው ጥሩ ነበር፣ ግን የሚገባበት መዝገብ አልነበረም።

ጊዜውን እንይ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የሚሰበሰበው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ጎርፍ ማሳችሁን ሲበላ የምታዩት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ ተናዳችሁ ወረዳ ስትሮጡ የዓመቱ ዕቅድ ጸድቋል። ስለዚህ በክረምት ፎቶና ቪዲዮ አንሱ፣ ቀኑ ይታይ፣ አንድ ሰው አጠገቡ ቁሞ ጥልቀቱ ይለካ። ያንን አስቀምጡ። በበጋ፣ ከመጋቢት ጀምሮ፣ ለኮሚቴውና ለተፈጥሮ ሀብት ባለሙያው አሳዩ። ዕቅዱ ላይ መግባቱን በዓይናችሁ እዩ።

ሥራው ውድ ነው፣ ለዚያ ነው በጋራ የሚሠራው። በመመሪያዎቹ ስሌት አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150፣ የድንጋይ እርከን ደግሞ 250 የሰው ቀን ይፈልጋል። ቦረቦር ከታች አይጀመርም። መጀመሪያ ከላይ ተዳፋቱ ላይ እርከን ተሠርቶ ውሃው ይቀንሳል፣ ከዚያ ቦረቦሩ ውስጥ ክትር ይሠራል፣ ሰፊ ከሆነ ጋቢዮን ይገባበታል፣ ከዚያ ሣርና ዛፍ ይተከላል፦ ደሾ፣ ቬቲቨር፣ ሳስባኒያ። መጨረሻ ላይ ቦታው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሆናል። ሌላው ሁሉ ተሠርቶ የመጨረሻዋ ከቀረች፣ ከብቶቹ በአንድ ዓመት ያፈርሱታል።

ለዚህ ነው ጎረቤት የሚያስፈልገው። ልቅ ግጦሽ የማያቆም መንደር ጋቢዮን ቢያገኝም አይጠቅመውም። በደርግ ጊዜ በትእዛዝ የተሠራ ብዙ እርከንና የተተከለ ደን ሥርዓቱ ሲወድቅ በ1983 ወድሟል፣ ሰው የራሴ ነው ስላላለው። በተቃራኒው ኮንሶን እዩ፣ ለዘመናት ራሳቸው ሲጠግኑት የኖሩት እርከን በ2003 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የትግራዩ አብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌም ደረቅ ተራራውን አልብሶ በ2004 የኢኳተር ሽልማትን አግኝቷል።

መሬት ለሌላችሁ ደግሞ ይህ ክፍል የተሻለ ዜና አለው። ከንክኪ ነፃ ሆኖ ያገገመ ተራራ ላይ ወጣቶች ተደራጅተው ንብ የሚያነቡበት፣ ሣር አጭደው የሚሸጡበት አሠራር አለ። በ2012 የወጣው የተፋሰስ ልማት አዋጅ ቁጥር 1223 ተጠቃሚዎች ተደራጅተው ያለሙትን እንዲጠቀሙበት መሠረት ጥሏል። ስትደራጁ ቃል አትመኑ፤ ቦታው የት ድረስ እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ የአካባቢው ገበሬ ከሣሩ ድርሻ እንዳለው የሚገልጽ ማህተም ያለው ወረቀት ይኑራችሁ። ያለ ወረቀት አልምታችሁ ማር መቁረጥ ስትጀምሩ «ይህ የእኛ ግጦሽ ነበር» የሚል ይመጣል። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው።

ማዳበሪያና ብድር፣ ባጭሩ

የማዳበሪያ ድጎማ በእጅ የሚሰጥ ብር አይደለም፣ ዋጋው ውስጥ ነው ያለው። በ2014 የዓለም ዋጋ ሲሰቀል መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ደጉሞ ነበር፣ ገበሬው ያየው ግን የኩንታሉን ዋጋ ብቻ ነው። የምታገኙት አስቀድሞ ፍላጎታችሁ ከተመዘገበ ነው። ዲኤው ቤት ለቤት ወይም በስብሰባ ሲመዘግብ «አልነበርኩም» ካላችሁ ሰኔ ላይ ከነጋዴ በእጥፍ ትገዛላችሁ። ደረሰኝ ተቀበሉ።

ብድር፦ የድሮዎቹ ብድርና ቁጠባ ተቋማት አሁን ባንክ ሆነዋል፣ የአማራው ጸደይ፣ የኦሮሚያው ሲንቄ፣ የደቡቡ ኦሞ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብት፣ ሰብልና የመሳሰለውን ተንቀሳቃሽ ንብረት ለዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል፣ ምዝገባውም ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ነው። ቅርንጫፉ «አናውቀውም» ቢላችሁ አትደነቁ፣ አዋጁን ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በ2009 በ10 ቢሊዮን ብር ሲቋቋም ከ18 እስከ 34 ዓመት ላሉ ነበር። ተዘዋዋሪ ስለሆነ የዛሬው ሁኔታ የሚወሰነው ከእናንተ በፊት የወሰዱት በመመለሳቸው ነው። «ወረዳው ዘንድ ቀሪ አለ ወይ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። ዶሮ፣ ወተትና ማር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ በ2015 የተጀመረውን የሌማት ትሩፋት ጥቀሱ፣ የእንስሳት ባለሙያው ጆሮ ይሰጣችኋል።

ለምክር ብቻ ከሆነ 8028 ነፃ መስመር አለ፣ በ2006 የተከፈተ። ስማርት ስልክ አይፈልግም፣ ቁጥር እየተጫኑ ስለ ሰብሉ ማዳመጥ ነው። የአባታችሁ የቁልፍ ስልክ ላይ መዝግቡላቸው።

የጸጥታ ችግር ባለባቸው ወረዳዎች ከዚህ የጻፍነው ብዙው ቆሟል ወይም ተቆራርጧል፣ ባለሙያም ቀበሌ አይወርድም። እዚያ ያላችሁ ለጊዜው ደብተሩንና ፎቶውን ጠብቁ፤ ኮፒውን ከቤት ውጭ፣ የሚታመን ዘመድ ስልክ ላይ አስቀምጡ።

ሲሸኟችሁ

ማመልከቻ ስትሰጡ ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ይቀበላል፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ይጻፍላችሁ። የገቢ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ አልገባም ማለት ነው። የአባታችን የጠፋው እንዲያ ነው። መልስ ካጣችሁ የጽ/ቤት ኃላፊው፣ ከዚያ የወረዳ አስተዳዳሪው፣ ከዚያ ዞን። መረጃ ብቻ ከሆነ የጠየቃችሁት፣ ለምሳሌ የተፋሰሱን ዕቅድ ወይም የሴፍቲኔት ዝርዝር፣ የ2000 የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስላችሁ ያስገድዳል። እምቢ ካለ የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ጮኻችሁ አትጀምሩ፣ እነዚያው ሰዎች ጋ ነገም ትመለሳላችሁ።

ቦረቦሩ ዕቅድ ላይ ገባ። ባለፈው ጥር መንደሩ ወጥቶ ከላይ ያለውን እርከን ሠራ፣ ዘጠኝ የድንጋይ ክትርም ገባበት። ሁለቱን የነሐሴ ጎርፍ ወስዷቸዋል። ሰባቱ አሉ፣ ከኋላቸው ደለል ይዘዋል፣ ደለሉ ላይ ደሾ ተተክሏል። ጋቢዮኑ ገና አልመጣም። አባታችን ማለዳ ማለዳ ወርደው የጎረቤት ጥጆች እንዳይገቡ ይጠብቃሉ።